«ልጅቷ ማንን ትመስላለች?»

የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ብርዱ ኅዳር ላይ ይገባና ሚያዝያ እስኪደርስ አይወጣም። እንዲህ ባለ አገር መጽሐፍ የማያነብ ሰው ወይ ቴሌቪዥን ላይ ያፈጣል፣ ወይ ከትዳር ጓደኛው ጋር ይጣላል። እኔ ሁለቱንም ሞክሬ ወደ መጽሐፍ ዞርኩ።

የምወደው አንድ ዓይነት ነው። የቤተሰብ ምስጢር ያለበት ወፍራም ልብወለድ። ሁለት ሦስት ታሪክ ለየብቻው ይጀምራል። አንዱ አያት ቤት ነው፤ ሌላው ባሕር ማዶ። ሰዎቹ አይተዋወቁም። «እነዚህን ደግሞ ምን አገናኛቸው?» እያልኩ እገልጣለሁ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ክሩ ይያያዝና ከተኛሁበት ብድግ እላለሁ። በማግስቱ ሥራ ቦታ ዓይኔ ቀልቶ ሲያዩ «አመመሽ እንዴ?» ይሉኛል።

እዚያ አገር እንዲህ ያለ መጽሐፍ ማግኘት መከራ የለውም። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ በነፃ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ በደራሲና በርዕስ ብቻ ሳይሆን በጉዳይም ይፈለጋል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ባወጣው አመዳደብ ውስጥ «የቤተሰብ ምስጢሮች፣ ልብወለድ» የሚል ራሱን የቻለ ርዕስ አለ። እሱን ስትነኩ ዝርዝሩ ይዘረገፋል። ሊቢ የሚባል የስልክ አፕም አለ፤ ካርዱ ካላችሁ አልጋችሁ ውስጥ ሆናችሁ ትዋሳላችሁ። መጽሐፉ አዲስና ተወዳጅ ከሆነ ወረፋ አለው። ወረፋ ደግሞ ለእኛ ብርቅ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የምወደው ግን ሰዎቹን ነው። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ «ምን ዓይነት ትፈልጊያለሽ?» ብላ አትገላግለኝም። «መጨረሻ የወደድሽው የትኛውን ነው? ምኑን ወደድሽው?» ትለኛለች። ይህ የሙያው ዘዴ ነው፤ ይማሩታል። «ታሪኮቹ መገናኘታቸውን» ካልኳት ወደ አንዱ ትመራኛለች። «ምስጢሩን» ካልኳት ወደ ሌላው።

ችግሩ፣ ምስጢር መደርደሪያ ሲወጣለት ግማሹ ያልቃል። ሽፋኑ ላይ «ሁሉን ነገር የሚለውጥ ምስጢር» ተብሎ ተጽፏል። ጉድ እንዳለ አስቀድሜ ካወቅኩ ምን ቀረኝ? ገና ገጽ 20 ላይ ሆኜ አያትየዋን በጥርጣሬ ማየት እጀምራለሁ። ሥዕሉም ያው ነው፤ ጀርባዋን የሰጠችን ሴት ወደ አንድ ትልቅ ቤት ስትሄድ። የስንቷን ጀርባ አየሁ! የሚጋለጥበት መንገድም ይመሳሰላል። ጣሪያ ሥር ካለችው ክፍል የደብዳቤ ሣጥን ይወጣል። ወይ ኑዛዜ ይነበባል። ወይ ደግሞ፣ አሁን አሁን፣ ልጅቷ ለገና በተሰጣት የዘር መመርመሪያ ዕቃ ውስጥ ምራቋን እንትፍ ትልና ሰምታው የማታውቀው ወንድም ብቅ ይላል።

በዚህ መሀል የአብርሃም ቨርጊስ «ዘ ኮቨናንት ኦፍ ዎተር» እጄ ገባ። በፈረንጆቹ 2023 የወጣ፣ ከ700 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ነው። ደራሲው ሐኪም ነው። በ1955፣ በእነሱው አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ ተወለደ። ወላጆቹ ከህንድ ኬረላ የመጡ መምህራን ነበሩ። በየክፍለ ሀገሩ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩትን እነዚያን ህንዶች የምታስታውሱ ታላላቆች አላችሁ፤ የእነሱ ልጅ ማለት ነው። ከዚያ በፊት የጻፈው «ካቲንግ ፎር ስቶን» አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ስለሚወለዱ መንትዮች ነው። አዲሱ ግን የአባቶቹ አገር ነው፤ ኬረላ። ከ1900 እስከ 1977 ሦስት ትውልድ ይሄዳል። በየትውልዱ ቢያንስ አንድ ሰው ውኃ የሚበላው ቤተሰብ ነው። የ12 ዓመት ልጅ፣ ሚስቱ ለሞተችበት የ40 ዓመት ሰው ስትዳር ይጀምራል። በሌላ በኩል ከግላስጎው የተነሳ ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም አለ። እነዚህን ምን እንዳገናኛቸው አልናገርም። ግማሹን ሳነብ ሐምሌ ደረሰና ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼው ጅማ ገባሁ።

ትእዛዝም ነበረብኝ። ሚኒሶታ በወር አንድ ቀን መጽሐፍ ይዘን የምንገናኝ አራት ሴቶች አለን። አንዷ «ሁልጊዜ የፈረንጅ ቤት ጉድ ከምናነብ እንዲህ ያለውን በአማርኛ አታመጪልንም?» ብላኛለች። ይሄማ ቀላል ነው አልኩ። ጉድ በአገሬ ሞልቶ!

ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የግቤን በረሃ ወርደን ወጣንና ዝናቡ ተቀበለን። ሐምሌ እዚያ ከመዝነብ ሌላ ሥራ የለውም። በማግስቱ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ወጣት መጽሐፍ ሻጭ አገኘሁ። ሱቅ ደጃፍ ተጠግቶ መጽሐፎቹን ላስቲክ አልብሷቸዋል። እሱ ራሱ ግን ይዘንብበታል።

«የቤተሰብ ምስጢር ያለበት ልብወለድ አለህ?»

«ለማን ነው?»

«ለእኔ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ለማዘር ይሄ ይሆናል» ብሎ አንድ የትዳር ምክር መጽሐፍ አወጣ። ማዘር! ገና 46 ዓመቴ ነው። «ቤተሰብ ያልኩት እንደዚህ አይደለም፤ ምስጢር ነው የምፈልገው» አልኩት። የስለላ መጽሐፍ አወጣ። «ልብ አንጠልጣይ» አለኝ። ቀጠለና የሲድኒ ሸልደን ትርጉም አመጣ። እኔም ተስፋ ሳልቆርጥ ዘርዝሬ አስረዳሁት። አያት አለች፣ የደበቀችው ነገር አለ፣ ልጆቹ አያውቁም፣ ሌላ ከተማ ያለ ሌላ ቤተሰብ አለ፣ መጨረሻ ላይ...

«ጉድ ያለበት ነዋ!» አለኝ። «እንደሱ አትይም?»

እንግዲህ ሁለቱንም አስተያየሁ። የዚያችኛዋ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጥያቄ ስለ መጽሐፉ ነው። የዚህኛው ጥያቄ ስለ ሰውየዋ። «ለማን ነው?» ያለው ወዶ አይደለም። ለፍቅረኛ ከሆነ ሌላ ነው፣ ለታመመ ሰው ከሆነ ሌላ፣ ባሕር ማዶ ለሚላክ ሌላ። ዝርዝሩ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው፤ የተመደበውም በገዢ ነው። እሱ ሥራ የቀየረ ዕለት ዝርዝሩም አብሮት ይሄዳል። ይህ ያናድደኛል። መጽሐፎቻችን ጀርባቸው ላይ የደራሲውን ፎቶና ከውስጥ የተቀነጨበ አንቀጽ ይይዛሉ፤ ታሪኩ ስለ ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ግን ስንቱ ነው? ርዕሱ ግጥም ይመስላል። ገዝቼ ካላነበብኩ ውስጡ ያለውን አላውቅም። ለምስጢሩ ጥሩ ነው። ለብሬ አይደለም።

ልጅ ሳለሁ እዚሁ ጅማ መጽሐፍ ይከራይ ነበር። መያዣ ታስይዛላችሁ፣ የምትከፍሉት በቀን ነው። ስለዚህ በአንድ ሌሊት መጨረስ ግድ ነው፤ እናቴ መብራት አጥፊ እያለች እየጮኸች። ቀድሞ የተከራየው ሰው ጠርዙ ላይ አስተያየቱን ይጽፋል። «አይዞሽ፣ ይመለሳል» የሚል አንብቤ ያለቀስኩበት አለ። አንዱ ደግሞ ገጽ 100 ላይ «ገዳዩ አጎቱ ነው» ብሎ ጽፎ ጠበቀኝ። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ሻጩ መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አዳም ረታ አለ። ግን ማዘር፣ ይከብዳል» አለኝ። ስለ ክብደቱ አልተሳሳተም። ስለ ማዘር ግን አሁንም አልተስማማንም። ደራሲው አዳም «ሕጽናዊነት» ብሎ የሰየመው አጻጻፍ አለው፤ ምሳሌው እንጀራ ነው። የእንጀራ ዓይን ለየብቻ ይታያል፤ ሥሩ ግን አንድ ሊጥ ነው። የተያያዘ ታሪክ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ለዚያች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሃያ ደቂቃ ሙሉ በእንግሊዝኛ ማስረዳቴ ትዝ አለኝ። እንጀራ ብትበላ ኖሮ በአንድ ቃል ባለቀ ነበር። ሁለት መጽሐፍ ገዛሁ።

ማታ አክስቴ ቤት ቡና ተፈላ። እትዬ 78 ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ደክሟል፤ አያነቡም። ታሪክ ግን ነፍሳቸው ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሰሙ ሰው ናቸው፤ ዛሬም ስለ ጉዱ ካሣ ሲያወሩ እንደ ጎረቤት ነው። «ምን እያነበብሽ ነው?» አሉኝ። የኬረላውን ቤተሰብ በአማርኛ አወራላቸው ጀመር። አቦሉ ላይ ሠርጉን ጨረስኩ። ቶናው ላይ ስኮትላንዳዊውን ህንድ አደረስኩት። ሦስተኛው ትውልድ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ። ልጅቷ ማንን ትመስላለች?»

«አላውቅም እትዬ፣ ገና እዚያ አልደረስኩም።»

«እንግዲያው...» ብለው የመሰላቸውን ነገሩኝ። ሳቅኩባቸው። ከሦስት ቀን በኋላ መጽሐፉን ስጨርስ ሳቄ ወጥቶብኝ አረፈ። ያ ሁሉ ገጽ የተለፋበትን ነገር ከበረካው በፊት አውቀውታል።

እንዴት አወቁ? ጥያቄው ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ፈረንጅ ምስጢሩን በወረቀት ይደብቃል፣ በወረቀት ያገኘዋል። የቤተሰብ ስም አለው፣ ኑዛዜ አለው፣ የልደት መዝገብ አለው። እኛ ጋ የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ በወጉ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። የቤተሰብ ስምም የለንም። አጎቱ ያሳደገው ልጅ የአጎቱን ስም «የአባት ስም» ብሎ ከያዘ በቃ፣ የሚያጋልጥ ወረቀት የለም። መልክ ግን አለ። አካሄድ አለ፣ አሳሳቅ አለ። ለቅሶ ቤት ማን የት ተቀመጠ፣ ማን ከሁሉ በላይ ደረቱን መታ፣ እሱን የሚያነብ ያነበዋል። እትዬ ማንበብ አይችሉም ያልኩትን ላርም መሰለኝ።

ደግሞ ጅማ ነን። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮምኛ የመጣ ነው፤ ዛሬ የቤተሰብ ሕጋችን የሚጠቀመው እሱኑ ነው። በባህሉ ጉዲፈቻ ልጅ ነው። «የወለድከው ነው ወይስ ያሳደግከው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። የፈረንጁ ደራሲ 400 ገጽ ሙሉ አድብቶ «ልጅቷ የወለዷት ልጅ አይደለችም!» ሲል እኔ ሚኒሶታ ሆኜ እደነግጣለሁ። ጅማ ሆኜ ግን «ታዲያ ምን ይጠበስ?» የሚል ሰው ታየኝ። የእኛ ቤት ምስጢር ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው። የማያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ሁለቱ ሲጋጩ ደግሞ አይቻለሁ። አንድ የማውቀው ሰው ሦስት ልጆቹን ወደ አሜሪካ ለማምጣት አመለከተ። የዲኤንኤ ምርመራ አድርግ ተባለ። የሁለቱ ገጠመ፣ የትልቁ አልገጠመም። የሟች ወንድሙ ልጅ ነው፤ ከጨቅላነቱ ጀምሮ ያሳደገው። «ልጄ» ብሎ ፎርም ላይ ሲሞላ አልዋሸም፤ ሌላ ቃል አያውቅምና። ጉዳዩን የያዙት ሰዎች ግን ማጭበርበር አሉት። ልጁ በ14 ዓመቱ የአባቱን ነገር ከላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ሰማ። ይህን ሰው ባየሁ ቁጥር ለገና የሚሸጠው የምራቅ ዕቃ ትዝ ይለኛል። አንዱ ቤት መጫወቻ ነው።

ወደ እትዬ ልመለስ። ያን ማታ ግምታቸውን ሲነግሩኝ «ልክ እንደ እነ...» ብለው ጀምረው ነበር። በሩ ተንኳኳ። የጎረቤት ልጅ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ይሆናታል። ዣንጥላዋን በር ላይ አቁማ ትኩስ ዳቦ ይዛ ገባች። እትዬ ወዲያው «ዝናቡ ጨመረ?» አሉ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ስለ ቡና ዋጋ ተወራ፣ ልጅቷ በሆነ ነገር ሳቀች። ያ ሳቅ የት እንደማውቀው ግራ ገባኝ። ስትወጣ «የማን ልጅ ናት?» አልኩ።

«የእናቷ» አሉና ስኒ መሰብሰብ ጀመሩ።

ሚኒሶታ ከተመለስኩ በኋላ ደወልኩላቸው። ከሰላምታው ሳንወጣ «ያቺ የህንዷ ልጅ መጨረሻ አወቀች ወይ?» አሉኝ።

«አወቀች እትዬ።»

«ማን ነገራት?»

«ማንም። ደብተር ላይ ተጽፎ አገኘችው።»

«ደብተር ላይ! እንዲህ ያለ ነገር ይጻፋል እንዴ?» ብዙ ተገረሙ። ከምስጢሩ ይልቅ የገረማቸው መጻፉ ነው።

«የዳቦዋስ ልጅ?» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ። በኋላ ድምፃቸው መጣ።

«ደህና ናት። ሰላም ብላሻለች።»