ሰማያዊውን ፓስፖርት ይዘን የት ገባን?

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ያላችሁ፣ እንደኔው ቀኝ እጃችሁን አንስታችሁ የማላችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። የሚከፋው ይክፋው።

ለአሜሪካ ሲቲዝንሺፕ (ዜግነት) ፈተና ስናጠና ጥያቄዎቹ 100 ነበሩ። አንዱ «ቤንጃሚን ፍራንክሊን በምን ይታወቃሉ?» ይላል። «በሕገ መንግሥቱ ጉባኤ በዕድሜ ትልቁ አባል» ብለን ሸምድደን አለፍን። ከዚያ በኋላ መቶ ዶላር ላይ ካልሆነ አይተናቸው አናውቅም።

ሕገ መንግሥቱ ፊላደልፊያ ውስጥ የተፈረመው ሴፕቴምበር 17 ቀን 1787 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሽማግሌው ፍራንክሊን 81 ዓመታቸው ነበር። ሪህና የፊኛ ጠጠር አድክሟቸዋል። የጻፉትን ንግግር ያነበበላቸው ጄምስ ዊልሰን ነው። ሰነዱን አልካቡትም። የማልስማማባቸው ነገሮች አሉበት፣ ግን እፈርማለሁ፣ እናንተም ፈርሙ አሉ። ሦስት ሰዎች እምቢ ብለው ቀሩ። ፍራንክሊን ስለ ወደፊቱ የተናገሩት ደግሞ ያስደነግጣል። ይህ መንግሥት ለተወሰኑ ዓመታት በደህና ይሄድ ይሆናል፣ መጨረሻው ግን አምባገነንነት ነው፤ ያም የሚመጣው ሕዝቡ ራሱ ሲበላሽ ነው አሉ። ልብ በሉ። በሚመጣው ፕሬዚዳንት ላይ አላሳበቡም። ሕዝቡ ላይ ነው የጣሉት። ዛሬ ሕዝቡ ውስጥ እኔም እናንተም አለንበት።

«የነጮች ጣጣ ነው፣ እኛን ምን አገባን» የምትሉትን ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ ያ ሰነድ በባርነት የተያዙትን ጥቁሮች ለውክልና ሲቆጥር አምስቱን እንደ ሦስት ነው የቆጠራቸው። ፍራንክሊን ራሳቸውም ባሪያ አሳዳሪ ነበሩ። ግን ፈርመው ዝም አላሉም። በፌብሩዋሪ 1790 የፔንሲልቬንያ የፀረ ባርነት ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው፣ ባርነት ይቅር የሚል አቤቱታ ለኮንግረስ ላኩ። ሰሚ አላገኙም። በኤፕሪል በ84 ዓመታቸው ሞቱ። እሳቸው ሞት አፋፍ ላይ ሆነው አቤት ይላሉ፤ እኛ በጤናችን የካውንቲ ስብሰባ ይከብደናል።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ ኑዛዜያቸው ነው። ለቦስተንና ለፊላደልፊያ ለየከተማው 1,000 ፓውንድ ተዉ። ገንዘቡ ለወጣት የእጅ ባለሙያዎች በ5 በመቶ ወለድ በብድር እንዲሰጥ፣ ተበዳሪው ያገባና 25 ዓመት ያልሞላው እንዲሆን፣ ሁለት ዋስ እንዲጠራ አዘዙ። ዋስ! እቁብ የጣለ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሒሳቡ የሚዘጋው ከ200 ዓመት በኋላ ነበር። በ1990 የቦስተኑ 5 ሚሊዮን፣ የፊላደልፊያው 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደርሶ ተገኘ። የአገሪቱ መጨረሻ አምባገነንነት ነው ያሉት ሰው ናቸው እንግዲህ የ200 ዓመት ብድር የዘረጉት።

እኛስ? የአገር ቤቱን ፖለቲካ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት እንነታረካለን። የጁሪ ዱቲ (ፍርድ ቤት ተቀምጦ የመፍረድ የዜጋ ግዴታ) ደብዳቤ ሲመጣ ግን ሰበብ ፍለጋ ነው። «እንግሊዝኛ አልችልም በልና ተገላገል» ብሎ የሚመክር አይጠፋም። ያው ሰውዬ ነው በእንግሊዝኛ ተፈትኖ ያለፈው። በየአራት ዓመቱ ፕሬዚዳንት መርጠን «መርጫለሁ» የሚለውን ስቲከራችንን ለጥፈን ፎቶ እንነሳለን። የልጆቻችንን ትምህርት ቤት የሚያስተዳድረውን ቦርድ ማን እንደመረጠው ግን አናውቅም። እኛ ስላልመረጥነው ነዋ!

የቨርጂኒያዋ ፌርፋክስ ካውንቲ ሰዎች፣ የእናንተ የትምህርት ቦርድ ምርጫ ኖቬምበር 2027 ነው። ፕሬዚዳንት የለበትም፣ ሰልፉም አጭር ነው። ቨርጂኒያ ቀድሞ መምረጥ የሚጀመረው 45 ቀን ሲቀረው ነው፤ በፖስታም ይቻላል። ያን ሁሉ ቀን ሺፍት ላይ ነኝ የሚል ካለ፣ አለቃው ማን እንደሆነ ይንገረኝና ሄጄ ላነጋግርለት።