ዲዬጎ ጋርሲያ ላይ የተወለዱትን ማን ጠየቃቸው?

ስለ ቻጎስ ደሴቶች ዜና በሰማሁ ቁጥር ወሬው ብሪታኒያ ለሞሪሸስ ልትከፍል ስለተስማማችው የዲዬጎ ጋርሲያ ኪራይ ነው። ብሪታኒያ ስንት ትከፍላለች? አሜሪካ እዚያ ያላትን የጦር ሰፈር ታጣለች ወይ? እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። እትብታቸው እዚያ የተቀበረው ሰዎችስ?

ነገሩን ላልሰማ በአጭሩ ልንገረው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው)። ቻጎስ ሕንድ ውቅያኖስ መሀል ያሉ ከ50 በላይ ትንንሽ ደሴቶች ናቸው። ትልቋ ዲዬጎ ጋርሲያ ናት። ሕዝቡ በአብዛኛው ከሞዛምቢክና ከማዳጋስካር በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ዘር ነው። ኮኮናት እየለቀመ፣ ዓሣ እያጠመደ፣ በራሱ ክሪዮል እያወራ ለትውልዶች ኖሯል። በ1965 ብሪታኒያ ደሴቶቹን ከሞሪሸስ ቆርጣ ለራሷ አስቀረች። ሞሪሸስ ነፃ የወጣችው ከ3 ዓመት በኋላ ነው። አሜሪካ ለጦር ሰፈር የፈለገችው ሰው የሌለበት ደሴት ነበር፤ ሰው ግን ነበረ። ስለዚህ “ያሉት የኮንትራት ሠራተኞች ብቻ ናቸው” ተባለ። ይህን ያሉት ሹማምንት እውነቱን ያውቁ ነበር፣ የተጻጻፉት ደብዳቤ በኋላ ወጥቶ ተነቧል።

ከ1968 ጀምሮ ለሕክምና ወይም ለዘመድ ጥየቃ ሞሪሸስ የሄደ ሰው መመለሻ መርከብ ተከለከለ። ከዚያ ወደ ደሴቶቹ የሚመጣው ምግብና መድኃኒት እየቀነሰ ሄደ። የዲዬጎ ጋርሲያ ሰዎች ውሾች ኮኮናት ማድረቂያ ቤት ውስጥ ተዘግተው በመኪና ጭስ ታፍነው ተገደሉ። ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። ቤትህን የሚጠብቅ ውሻህን እንዲህ ያደረገ ሰው ነገ “መርከብ ላይ ውጣ” ሲልህ ምን ትመልሳለህ?

ወይዘሮ ሊዝቢ ኤሊሴ በ2018 ለዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በቪዲዮ ቃላቸውን ሰጥተዋል። በ1973 ፔሮስ ባንሆስ ከተባለው የቻጎስ ክፍል ሲወሰዱ 20 ዓመታቸው ነበር፣ የ4 ወር ነፍሰ ጡርም ነበሩ። ደሴታቸውን ዞረው እንዳያዩ በጨለማ ተጫኑ። ሕፃኑ ሲወለድ ሞተ። ፍርድ ቤቱ በ2019፣ 13 ለ1 በሆነ ድምፅ፣ ብሪታኒያ ደሴቶቹን መያዟን በአስቸኳይ እንድታቆም አስተያየት ሰጠ።

በግንቦት 2025 ብሪታኒያና ሞሪሸስ ስምምነት ፈረሙ። ሉዓላዊነቱ ለሞሪሸስ፣ ዲዬጎ ጋርሲያ ለ99 ዓመት ለጦር ሰፈሩ። በስምምነቱ መሠረት ሞሪሸስ ሰው ማስፈር የምትችለው ሌሎቹ ደሴቶች ላይ ብቻ ነው። እዚያችው ዲዬጎ ጋርሲያ የተወለዱ ሁለት ሴቶች “ማንም አልጠየቀንም” ብለው ክስ መሥርተው ፊርማውን ለጥቂት ሰዓት አስቁመውት ነበር። እገዳው በዚያው ቀን ተነሳ፣ ተፈረመ።

ደሴቶቹ ለሞሪሸስ ይመለሱ መባሉ ትክክል ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ግን መሬቱ ተመልሶ ሰውየው ካልተመለሰ ምኑን ተመለሰ? የጸጥታ ጉዳይ ነው ይሉናል። ሰፈሩ ውስጥ ከፊሊፒንስ የመጡ ሠራተኞች ሲያበስሉና ሲያጸዱ ስንት ዓመታቸው! እነሱ ካላሰጉ፣ አያቱ እዚያው የተቀበረ ሰው እንዴት ያሰጋል? ደግሞም ሰፈሩ ያለው በምዕራብ በኩል ነው። ኢስት ፖይንት የሚባለው የድሮው መንደር፣ ቤተ ክርስቲያኑና መቃብሩ በምሥራቅ በኩል ናቸው፣ ሰው አይኖርበትም።

በ2006 ወደ 100 የሚሆኑ ቻጎሳውያን ለጉብኝት እንዲሄዱ ተፈቅዶላቸው ነበር። ብዙዎቹ አረጋውያን ናቸው። የዘመዶቻቸውን መቃብር አጸዱ፣ አበባ አኖሩ፣ ጸለዩ። ከዚያ እንደገና መርከቡ ላይ ወጡ።