ዳግም ለሚዘምት ሰው ጭብጨባ አይበቃም፣ ወረቀት ስጡት

ሰሞኑን አንድ የቲቪ ውይይት ላይ ስለ ተጠባባቂ ጦር ሲወራ የሰማችሁ ካላችሁ ንዴቴ ይገባችኋል፣ ላልሰማችሁ ልንገራችሁ። ከሰራዊቱ ከወጡ ዓመታት ያለፋቸው ሰዎች በተጠባባቂነት ይመለሱ፣ ከተመለሱስ እንዴት ነው ርዕሱ። አንዱ እንግዳ ተደላድለው ተቀምጠው "የወታደር እጅ አይረሳም፣ ሁለት ሳምንት ካምፕ ገባ ወጣ ካለ አለቀ። ሀገር ስትጠራው ስለ ጥቅማጥቅም የሚጠይቅ ደግሞ ቀድሞውኑ አይምጣ" አሉ። አወያዩ ራሱን ነቀነቀና ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፈ። በቃ፣ እንደዚህ ነው የሰው እድሜ የሚታለፈው።

ቆይ እንጂ ግን፣ የወታደር እጅ አይረሳም ማለት ምን ማለት ነው? ክላሽ መፍታትና መግጠም አይረሳም፣ እሺ፣ አይኑን ጨፍኖም ይገጥመዋል። 1983 ላይ ትጥቅ ፈትቶ ሰፈሩ የገባ ሰው 2014 ላይ ሲጠራ የሚጠብቀው ግን ክላሽ ብቻ ነው እንዴ? ያኔ አውሮፕላን ሲመጣ ድምፁን ሰምተህ ጉድጓድ ትገባለህ፣ አሁን ድምፁ ሳይሰማ ከላይ የሚያይህ ድሮን አለ፣ ኪስህ ውስጥ ያለው ስልክ ራሱ ያለህበትን ቦታ ሊያሳብቅብህ ይችላል። ደግሞስ እጁ ባይረሳ ጉልበቱስ? አይኑስ? ስኳርና ደም ግፊቱስ? ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ሰው ሀኪም ፊት ሳታቀርብ ኦራል ላይ ጭነህ "እጁ አይረሳም" ማለት ግዴለሽነት ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም። በወጣትነቱ ምን ያህል ጎበዝ እንደነበር ማውራት ዛሬ ዳገት አያስወጣውም።

"ጥቅማጥቅም የሚጠይቅ አይምጣ" የምትለዋ ደግሞ ይብሳል። እንግዳው ወዲያው ምሳሌ ጠቀሱ፣ በ2013 ጥቅምት ሰሜን ዕዝ ሲመታ ጡረታ የወጡ ጄኔራሎች ምንም ሳይጠይቁ ተመለሱ አይደል ብለው። አዎ ተመለሱ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ግን እስቲ በደንብ እንየው፣ ጄኔራል አበባው ታደሰ ሲመለሱ በቀናት ውስጥ ምክትል ኤታማዦር ሹም ሆነው ነው የተሾሙት፣ በታህሳስ 2014 መጨረሻ ደግሞ እሳቸው፣ ጄኔራል ዮሐንስ ገብረመስቀልና ጄኔራል ባጫ ደበሌ ሙሉ ጄኔራል ተባሉ፣ ጄኔራል ባጫ ከዛ በኋላ ኬንያ አምባሳደር ሆነው ሄዱ። ይገባቸዋል አይገባቸውም አላልኩም፣ ይገባቸዋል። የኔ ነጥብ ምን መሰላችሁ፣ እነሱ መጠየቅ ያላስፈለጋቸው ሳይጠይቁ ስለተሰጣቸው ነው! ማዕረግ ሲሰጥ ደብዳቤ አለ፣ ሹመት ሲሰጥ ደብዳቤ አለ፣ ቀን አለው፣ ቁጥር አለው፣ ማህተም አለው። አስር አለቃውና ሃምሳ አለቃው ሲጠራስ? የቀበሌ ስብሰባ፣ ማይክ፣ ሙዚቃ፣ ሽኝት፣ በሬ። ታዲያ ጄኔራል በወረቀት ተመልሶ ተራው ወታደር በሽለላ ከተመለሰ፣ እንዴት ነው ሁለቱን እኩል "ምንም ሳይጠይቁ ዘመቱ" ብለን የምንደምራቸው?

ይህቺ የወረቀት ነገር ብዙ ሰው የቢሮክራሲ ጣጣ ትመስለዋለች፣ ለኔ ግን ዋናው ነገር እሷ ናት፣ ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

እኛ ሰፈር አንድ ሃምሳ አለቃ አሉ። ስማቸውን የሚጠራ የለም፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም "ሃምሳ አለቃ" ነው የሚላቸው። ወረቀታቸውን በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው ነው የሚያስቀምጡት፣ አንድ ቀን አውጥተው አሳይተውኛል። መጀመሪያ የደርግ ጊዜ መታወቂያ፣ ፎቶው ላይ ጎፈሬ ያለው ልጅ፣ በ1976 ነው የገቡት። ቀጥሎ በ1983 ሰራዊቱ ሲበተን ከ450 ሺህ በላይ የሚሆነውን ወታደር ወደ ቤቱ የመለሰው ኮሚሽን የሰጣቸው ወረቀት፣ ላሚኔሽኑ ተላጦ ጠርዙ ቡናማ ሆኗል። ከዛ የ1990ው ጦርነት። ባድመ ተያዘ ሲባል ያው "የደርግ ወታደር" ተብሎ ሰባት ዓመት ሙሉ ስራ ሲከለከል የኖረው ሰው ድንገት ተፈላጊ ሆነ፣ እሳቸውም ሄዱ፣ ተዋጉ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ደግሞ ወደ 150 ሺህ ከሚጠጉት ተሰናባቾች ጋር ተቀነሱ፣ የዚህም ወረቀት አለ። መጨረሻ ላይ በ2014 መጀመሪያ ላይ ወጣት ለማሰልጠንና ኮንቮይ ለማጀብ እንደገና ሄደው ነበር። ለዚህኛው ያላቸው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሰርተፍኬት። ባለቀለም፣ ባንዲራ ያለው፣ "ላበረከቱት አስተዋፅኦ እናመሰግናለን" የሚል። ከመቼ እስከ መቼ የሚል የለውም። በምን ማዕረግ የሚል የለውም። የት ክፍል የሚል የለውም።

አሁን ደምሩልኝ። ሰባት ዓመት፣ ሁለት ዓመት ተኩል፣ ከዛ ወራት። አንድ ላይ ቢቆጠር አስር ዓመት ይሞላል፣ አስር ዓመት ደግሞ በጡረታ ሕጋችን የዘላቂ አበል በር የሚከፈትበት ነው። ተለያይቶ ሲታይ ግን ሰባቱ ለብቻው አይሞላ፣ ሁለት ተኩሉ ለብቻው አይሞላ፣ የመጨረሻው ጭራሽ እንደሌለ ነው። ሶስት ጊዜ ተጠርቶ ሶስት ጊዜ የሄደ ሰው በመዝገብ ሲታይ ምንም ያላገለገለ ይመስላል! በአንድ ጊዜ ተቀጥሮ ቢሮ ውስጥ አስር ዓመት ሻይ እየጠጣ የተቀመጠ ሰው ግን ጡረታው ይጠብቀዋል። ይሄ እንዴት ነው ማንንም የማያናድደው? ወታደሩ እኮ መሃል ላይ ያቋረጠው ሰልችቶት አይደለም፣ መንግስት በትኖት ነው፣ መንግስት ቀንሶት ነው። ያቋረጠው አካል ራሱ መልሶ ጠርቶት ሲያበቃ "አገልግሎትህ የተቆራረጠ ነው" ይለዋል። እስቲ ይሄን ሰው ፊት ቆማችሁ "ጥቅማጥቅም አትጠይቅ" በሉት።

እንደ ሃምሳ አለቃ ያለ ሰው በየሰፈሩ አለ፣ ዙሪያችሁን እዩ። የባንክ በር ላይ፣ ኮንዶሚኒየም ግቢ በር ላይ ቆሞ "ደህና ዋላችሁ" የሚላችሁ ጥበቃ ጋር አስር ደቂቃ አውሩ፣ ግማሹ የቀድሞ ሰራዊት ነው። ሃምሳ አለቃም ያው ጥበቃ ነበሩ፣ በኤጀንሲ የተቀጠሩ። ሲመለሱ ቦታቸው ላይ ሌላ ሰው ቆሟል። ኤጀንሲው ሲጠየቅ "ስራ ጥለው ነው የሄዱት፣ የት እንደነበሩ ደብዳቤ ያምጡ" አለ። ሰርተፍኬቷን ወሰዱ። የሰው ኃይሏ ልጅ አገላብጣ አየቻትና "አባባ ይሄ እኮ ቀን የለውም" አለቻቸው። ልጅቷ ላይ አልፈርድም፣ እውነቷን ነው፣ ቀን የለውም። የሚፈረደው ቀን የሌለው ወረቀት የሰጠው ሰው ላይ ነው።

የሚገርመው ደግሞ ሕግ የለም እንዳትሉ፣ ሕግ አለ። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 18ን ክፈቱ፣ የስራ ውል ለጊዜው ከሚታገድባቸው ምክንያቶች አንዱ የሀገር ጥሪ ነው ይላል። ይታገዳል ነው እንጂ ይቋረጣል አይልም። እገዳው ሲያበቃ ሰራተኛው በማግስቱ ስራ ላይ ይገኛል፣ አሰሪውም ይመልሰዋል፣ ግዴታው ነው። ቆንጆ ሕግ ነው። ግን በምን ያስመልሱት? "ተጠርቼ ነበር" ብሎ በአፍ? ጥሪው በማይክ ከሆነ፣ መልቀቁም በጭብጨባ ከሆነ፣ አንቀጽ 18ን ማን ፊት ይዞት ይቆማል? አሰሪው ክፉ ባይሆን እንኳ ማስረጃ ይፈልጋል። ለዛ ነው ወረቀት ወረቀት እያልኩ የማሰለቻችሁ፣ ያለ ወረቀት ሕጉም ፌስታል ውስጥ እንዳለችው ሰርተፍኬት ነው፣ ታያታለህ እንጂ አትበላበትም።

በዛ ላይ ውሉ ሲታገድ ደሞዝም አብሮ ይቆማል፣ ይሄንንም ሕጉ ነው የሚለው። እና ባል ሲዘምት ቤት ውስጥ የቀረችው ሚስት የወሩን ኪራይ ከየት ታምጣ? "ሀገር ጠርታው ነው" ስትለው አከራዩ ይተዋታል? ስለ ባጃጅ ሹፌሩና ስለ ቀን ሰራተኛው ደግሞ አላወራሁም፣ እሱ የሚታገድ ውልም የለው።

ወገኖቻችን ያሉበትን ሀገር እንይ ካላችሁ፣ አሜሪካ በሪዘርቭና በናሽናል ጋርድ ያሉ የሀበሻ ልጆች ብዙ ናቸው፣ ጠይቋቸው። ጥሪ ሲመጣ ትዕዛዝ የሚባል ወረቀት አለ፣ የመነሻና የመመለሻ ቀኑ ተጽፎበታል። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ያለው ሕጋቸው ደግሞ አሰሪው ሰውየውን መመለስ ብቻ አይደለም፣ ባይሄድ ኖሮ የሚደርስበት ደረጃ ላይ ነው መልሶ ማስቀመጥ ያለበት ይላል። ባይሄድ ኖሮ! ይቺን ሳነብ ሃምሳ አለቃ ናቸው የመጡብኝ። እስራኤል ያሉት ወንድሞቻችንም ሚሉኢም፣ ማለትም ለተጠባባቂነት፣ ሲጠሩ እንዲሁ ነው፣ የሄዱበትን ቀን ደሞዝ የሚሸፍነው የሀገሪቱ ብሔራዊ መድን ነው፣ ቢቱዋሕ ለኡሚ የሚሉት። ከመስከረም 2016ቱ ጦርነት ወዲህ ከ300 ሺህ በላይ ተጠባባቂ ሲጠሩ ብዙ ጭቅጭቅ ነበር፣ ንግዱ የከሰረበት፣ ትዳሩ የተናጋበት ሞልቷል፣ እነሱም ፍፁም ናቸው አላልኩም። ግን እዛ ጭቅጭቁ ክፍያው በዛ አነሰ ነው፣ እኛ ጋር ጭቅጭቁ ሰውየው ሄዷል አልሄደም ላይ ነው!

"እኛ ደሃ ሀገር ነን፣ በጀት የለም" የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ቀን መጻፍ ስንት ብር ይፈጃል? ያንን ሁሉ ባለቀለም ሰርተፍኬት ያሳተመ ማተሚያ ቤት "ከ____ እስከ ____" የሚል አንድ መስመር ቢጨምር ወጪው ስንት ነው? የጡረታ መስሪያ ቤቱ የተቆራረጠ ወታደራዊ አገልግሎትን ደምሮ ይቁጠር ማለት ደግሞ ገንዘብ ያስወጣል፣ አዎ ያስወጣል፣ ይህቺን ብቻ እቀበላለሁ። ሲዘምት ግን አላስወጣም ነበር እንዴ? ታጣቂ የነበሩትን ወደ ሰላማዊ ሕይወት ለመመለስ የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ተቋቁሞ ከ371 ሺህ በላይ ሰው ለመመለስ አቅዷል፣ ገንዘብ ተፈልጎለታል፣ ጥሩ ነው፣ ይደረግ፣ መሳሪያ ያስቀመጠ ሰው ስራ ካላገኘ ነገ መልሶ ያነሳዋል። መሳሪያውን በሰላም አስረክቦ ዝም ብሎ ጥበቃ ለመቀጠር የሄደውስ? ዝም ስላለ ነው የሚረሳው? እንደዛ ከሆነ የምናስተምረው ትምህርት በጣም አደገኛ ነው፣ የጮኸ ይሰጠዋል፣ ዝም ያለ ይቀራል እያልን ነው።

ሌላው ከሁሉ ከባድ ነገር አለ፣ ማንም የማያነሳው፣ ተመልሶ ሄዶ የሚቀረው ሰው። ተዋጊ አብራሪው ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስን አስታውሱ። በደርግ ዘመን ሻዕቢያ እጅ ወድቆ ምርኮን ያየ ሰው ነው፣ ያንን ሁሉ አሳልፎ በ1990 እንደገና ተነስቶ በረረ፣ አስመራ ላይ ተመቶ ሁለተኛ ተማረከ፣ ከዛ ወዲህ የት እንደደረሰ ለሕዝብ የተነገረ ነገር የለም። ድጋሚ መመለስ ማለት እንዲህ ሊሆን ይችላል። "ሁለት ሳምንት ካምፕ ገባ ወጣ" ብለው የሚቀልዱበት ነገር ይሄ ነው። እሱን ግን ቢያንስ ስሙን የምናውቀው አብራሪ ስለሆነ ነው፣ ጥሪውን ሰምቶ ከቀበሌ ተሸኝቶ ሄዶ ያልተመለሰው ተራ ወታደር፣ የጥሪ ወረቀት የሌለው፣ ቤተሰቡ በምን ይጠይቅ? የት ክፍል ነበር ተብሎ? ለወላጆቹ የሚሰጠው አበልስ በየትኛው የመግቢያ ቀን ይሰላል?

ስለዚህ ተጠባባቂ ይኑር። እኔ ተቃዋሚው አይደለሁም፣ ይቺ ሀገር ያለችበትን ቀጠና አውቃለሁ፣ ልምድ ያለው ሰው ሜዳ ላይ ተጥሎ ከዜሮ ማሰልጠን ሞኝነት ነው። ግን መዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ መጀመሪያ ሀኪም ይቀመጥ፣ ቀጥሎ ማዕረጉንና ያለፈ አገልግሎቱን የሚመዘግብ ሰው፣ ከዛ ለአሰሪው ግልባጭ ያለው የጥሪ ደብዳቤ፣ ሲለቀቅም መነሻና መድረሻ ቀን ያለው መሸኛ። እስከዛው ድረስ ሃምሳ አለቃ አሁን በአንድ ህንፃ ግንባታ ላይ የማታ ጥበቃ ናቸው፣ አራተኛ ጊዜ ተመዝገቡ ቢሏቸው ይሄዱ እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር። "ለማን ነው የምመዘገበው፣ ሶስቱንም ጊዜ አያውቁኝም እኮ" አሉኝ።