ዕድሜ ሲገፋ የሚወደደው የጉዞ ኢንሹራንስ

ውጭ አገር ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ጡረታ ሲወጣ አገር ቤት ሄዶ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት ያምረዋል። ጊዜው አሁን አለ፤ የጉዞ ኢንሹራንሱ ግን አይቀመስም። ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ክፍያው ይሰቅላል። ስኳር ወይም የልብ ሕመም ካለማ አንዳንዱ ኩባንያ ጭራሽ አይሸጥም።

አሜሪካ ያሉ ጡረተኞች የመንግሥቱን የአረጋውያን የጤና መድን ይዘው «ሜዲኬር አለን» ብለው ይነሳሉ። ሜዲኬር ግን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። ሜዲጋፕ ከሚባለው ተጨማሪ መድን አንዳንዱ ውጭ ለሚደረግ ድንገተኛ ሕክምና 80 በመቶ ይከፍላል። እሱም የመጀመሪያውን 250 ዶላር ታካሚው ራሱ ከከፈለ በኋላ፣ በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀናት ለጀመረ ሕመም፣ በሕይወት ዘመን እስከ 50,000 ዶላር ብቻ። አራት ወር ለሚቆይ ሰው 60 ቀን ምን አላት?

ወላጆቹን የሚያስመጣውም አይቀልለትም። ካናዳ ለወላጆችና ለአያቶች በምትሰጠው ሱፐር ቪዛ ቢያንስ 100,000 የካናዳ ዶላር የሚሸፍን የአንድ ዓመት የጤና ኢንሹራንስ ትጠይቃለች። በዕድሜ የገፋ ሰው የመታመም ዕድሉ ሰፊ ነውና የዋጋው መጨመር ይገባኛል። የሚከብደኝ በደቃቁ የተጻፈው ነው። ብዙ ውሎች ነባር ሕመምን የሚሸፍኑት «የተረጋጋ» ከሆነ ነው፤ ለምሳሌ ባለፉት 90 ወይም 180 ቀናት መድኃኒቱ ካልተቀየረ። ሐኪሙ የግፊት ኪኒኑን ከ10 ሚሊግራም ወደ 5 ቢያወርድላት ለእናት የምሥራች ነው። በአንዳንድ ውል ግን መቀነሱም ለውጥ ነው፤ ሕመሟ አልተረጋጋም ይባላል።

ውጭ አገር የታካሚው ታሪክ በአብዛኛው ኮምፒውተር ላይ ነው። አገር ቤት እናት ዛሬ አንዱ ክሊኒክ፣ ነገ ሌላው ትታያለች፤ ካርዷም እዚያው ይቀራል። ልጅ ፎርሙን እየሞላ በስልክ «እማዬ፣ የምትወስጂው መድኃኒት ስሙ ማነው?» ሲል «ያቺ ነጯ ኪኒን ናታ» ትለዋለች። ዋጋውም እንዳይንር ብሎ ሕመሙን ይዘለዋል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ኩባንያው የሕክምና ታሪኳን የሚያጣራው በአብዛኛው ታማ ካሳ ሲጠየቅ ነው፤ ያኔ ያልተነገረ ሕመም ከተገኘ የሆስፒታሉ ሒሳብ ልጅ ላይ ይወድቃል።

ኢንሹራንሱ ከመገዛቱ በፊት ሐኪሟ ጋ ትሂድ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና ለመጨረሻ ጊዜ የተቀየረበትን ቀን ጽፎ ይስጣት። ኩባንያውንም «ይህን ሕመም ትሸፍናላችሁ?» ብላችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።