ወፍራሙ አሉሚኒየም ራዲያተር፦ ግቢ ውስጥ ይገጠም ወይስ ይቅር?

የክርክሩ መነሻ አንዲት አሮጌ ኮሮላ ናት። ካምቢዮዋ ማንዋል ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ትሠራለች፤ ዳገት ላይ ሙቀት ታበዛለች። ባለቤቱ የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘውን የፋብሪካ ራዲያተር አውልቆ ሙሉ አሉሚኒየም የሆነና ወፈር ያለ ራዲያተር ሊገጥምላት አስቧል። ግቢው ውስጥ፣ በራሱ እጅ። ጋራዥ ውስጥ ያረጁ አንድ መካኒክ ደግሞ «ተው» ብለውታል። ሁለቱም ሐሳባቸውን በጽሑፍ አቅርበዋል።

ባለመኪናው፦

ጋሼ፣ መካኒክ ጠልቼ አይደለም። ነገሩ ወዲህ ነው። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ተሰቀለ። ስለዚህ እጄ ላይ ያለችውን መኪና ማቆየት አለብኝ።

የፋብሪካው ራዲያተር መሐሉ አሉሚኒየም ነው፤ ውሃው የሚጠራቀምባቸው ሁለቱ ጫፎች ግን ፕላስቲክ ናቸው። ፕላስቲኩን ከአሉሚኒየሙ ጋር የያዘው የጎማ ማሸጊያና ዙሪያውን የታጠፈው ጥርስ ነው። ፕላስቲኩ ለዓመታት ሲግልና ሲበርድ ይደርቃል። መጀመሪያ ቡናማ ይሆናል። ከዚያ የላይኛው ቱቦ የሚሰካበት አንገት ላይ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ያወጣል። ዙሪያው ላይ የደረቀ ነጭ ወይም ሮዝ ቅርፊት ካዩ ውሃው በዚያ እየወጣ ነው ማለት ነው። የእኔዋ ላይ ይሄ ቅርፊት አለ። ያንኑ ዓይነት መልሼ ብገዛ፣ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ስንጥቅ ነው የማገኘው። ሙሉ አሉሚኒየሙ ግን ጫፉም መሐሉም አንድ ላይ የተበየደ ነው። የሚደርቅ ፕላስቲክ የለውም።

ሥራውስ ቢሆን ምን አለው? 10 ቁጥር ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ባልዲ። ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅ፣ ባትሪ መንቀል፣ ታች ያለችውን ማፍሰሻ መፍታት። ሁለት ቱቦ፣ የፋኑ ሶኬት፣ የላይኞቹ መያዣዎች፣ ከዚያ ወደ ላይ ብድግ። ለዚህ ብዬ የተለማማጅ እጅ ማሟሻ ልሁን?

መካኒኩ፦

መፍታቱን ማን ከለከለህ ልጄ? ማንዋል ካምቢዮ ላይ ራዲያተር መቀየር ቀላል ሥራ ነው። አውቶማቲክ ላላቸው ግን አንድ ነገር ልናገር። ብዙ ጊዜ የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ በተቀበረች ቱቦ ነው። ለማንዋል የተሠራ ራዲያተር ይህች ቱቦ የለችውም። ሳያይ የገዛ ሰው ሁለት የዘይት መስመር በእጁ ይዞ ይቀራል።

እኔ የምቃወመው «ማሻሻያ» የሚባለውን ነው። መኪናህ አዲስ እያለች ዳገቱን በዚሁ ራዲያተር አይደል የምትወጣው? ታዲያ ዛሬ ራዲያተሩ አነሰባት? ሌላ የተበላሸ ነገር አለ።

ልብ በል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሞተሩ ሲግል ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው በር፣ ብዙ ቶዮታ ላይ መከፈት የሚጀምረው ደግሞ 82 ላይ ነው። መሐላቸው ያለው አሥር ዲግሪ ብቻ ነው። ይህን ክፍተት የሚያሰፋልህ የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያለህ፤ ይዞ የሚቆየው ግፊት ነው። 0.9 የሚለው በደንብ ከያዘ፣ እዚሁ ከተማ ንጹሕ ውሃ እንኳ 110 ሳያልፍ አይፈላም። ጎማው ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን 92 ላይ ጉድ ይፈላል። ባለመኪናው «ራዲያተሬ ደከመ» ብሎ መለዋወጫ ሊገዛ ሶማሌ ተራ ይሮጣል። የደከመው ክዳኑ ነው። ስንጥቁም ራሱ ግፊቱን ያፈስብሃል፤ እሱን አልክድም። ታዲያ ያልተሰነጠቀ የልኩን ግጠም፤ ወፍራም ምን አመጣው?

ወፍራም ስትገጥም አየሩ ረጅም መንገድ ነው የሚያልፈው። የኋለኛው ረድፍ የሚደርሰው ፊተኛው ያሞቀው አየር ነው። መገናኛ ላይ መንገድ ተዘግቶ ስትቆም ደግሞ የሚያቀዘቅዝህ ፋኑ ብቻ ነው። ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ራዲያተሩ ሲወፍር የፋኑ ቀፎ፣ ፋኑን ከብቦ አየሩ በራዲያተሩ ሁሉ እንዲሳብ የሚያደርገው ሽፋን፣ አልገባ ይላል። ሰውዬው ቀፎውን በመጋዝ ቆርጦ ይጥልና ፋኑን በፕላስቲክ ማሰሪያ ራዲያተሩ ላይ ይጠፍረዋል። ቀፎ የሌለው ፋን የሚስበው ፊቱ ያለችውን ክብ ብቻ ነው። ማዕዘኖቹ ዝም ብለው ይግላሉ። ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ ማለት ይሄ ነው።

ባለመኪናው፦

ቀፎ የሚቆርጥ ሰው ሳይለካ የገዛ ሰው ነው። ከፋኑ ሞተር ጀርባ እስከ ቺንጋው ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለክቶ፣ በዚያ ልክ መግዛት ይቻላል። እጅግ ወፍራሙ ይሻለኛል አላልኩም።

ክዳኑን በተመለከተ እስማማለሁ፤ አዲስ ገዝቻለሁ። ግን ጋሼ፣ ስለ ቴርሞስታት ካነሱ አይቀር አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የእኔዋን ቴርሞስታት ቤት ስከፍተው ባዶ ነው። አንዱ ጋራዥ «ሙቀት ስለምታበዛ አውልቄዋለሁ» ብሎ ወርውሮታል። ይሄ የከተማው ልማድ ሆኗል እኮ! ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ቶሎ አይሞቅም፤ ነዳጅ ይበላል። አንዳንድ ሞተር ላይማ ቴርሞስታቱ ሲነሳ ማለፊያው መንገድ ክፍት ይቀርና፣ የጋለው ውሃ ራዲያተር ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሊያቀዘቅዙ አወለቁት፤ ባሰበት። እንግዲህ ጋራዥ እንዲህ ከሆነ፣ እኔ ግቢዬ ውስጥ ከዚህ የከፋ ምን ላጠፋ ነው?

ወፍራም ምን አመጣው ላሉት፣ አባይ በረሃን ያውቁታል። ከድልድዩ ተነስቶ ደጀን እስኪደረስ ቁልቁለት የለም፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚወጣው። ታች ሙቀቱ ያቃጥላል። መኪናው ስለሚያዘግም ከፊት የሚገባው አየር ትንሽ ነው፤ ሞተሩ ደግሞ ሙሉ ጉልበቱን እያወጣ ነው። ፊት ለፊት ክፍት ቦኔት ያላቸው መኪኖች ዳር ዳሩን ተደርድረው የሚቆሙት እዚህ ነው። ትልቅ ራዲያተር ሞተሩን ከልክ በታች አያቀዘቅዘውም፤ ዝቅተኛውን ሙቀት የሚወስነው ቴርሞስታቱ ነው። ትልቁ የሚሰጠኝ ትርፍ አቅም ነው። ከተማ ውስጥ ላያስፈልገኝ ይችላል። አባይ በረሃ ላይ ያስፈልገኛል።

መካኒኩ፦

ቴርሞስታት የሚወረውሩትን አልከላከልም። እነሱ ስላጠፉ ግን አንተ ልክ አትሆንም።

አሁን ምን ልትሞላበት ነው? የቧንቧ ውሃ ከሆነ ገንዘብህን ጣልከው በለው። የቧንቧ ውሃ ማዕድን አለው፤ ቧንቧዎቹ ውስጥ እንደ ጀበና ቂጥ ይጋገራል። አሉሚኒየምና የሞተሩ ብረት በአንድ ውሃ ሲገናኙ ደግሞ አሉሚኒየሙ ቀስ በቀስ ይበላል። ዝገት የሚከላከለው ኩላንቱ፣ ማለትም ከውሃው ጋር የሚደባለቀው የራዲያተር ፈሳሽ፣ ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው። ግማሹ ኩላንት፣ ግማሹ ዲስቲልድ ውሃ። ቀለሙ አረንጓዴ ወይም ሮዝ መሆኑ ምንም አያረጋግጥልህም፤ ማንም ውሃ ላይ ቀለም መበጥበጥ ይችላል። ያፈሰስከውንም ግቢ ውስጥ አትድፋው። ይጣፍጣል፤ ይገድላልም። ውሻ ላሰው ማለት አለቀ።

የድሮው የመዳብ ራዲያተር ቢቀደድ ሠፈር ውስጥ ይበየዳል። የአንተ ከተቀደደ ምን ታደርጋለህ?

ባለመኪናው፦

አርጎን ብየዳ አለ።

መካኒኩ፦

አለ። ጫፉን ይበይድልሃል። መሐል ያሉት ቧንቧዎች ግን ስስ ናቸው፤ በያጁ አንዱን ልደፍን ሲል ጎረቤቱን ያቀልጠዋል።

ደግሞ ዋናውን ነገር አላየህም። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑን ከፍተህ አስነሳው። ቀዝቃዛ እያለ ነው ያልኩህ፤ ከጋለ በኋላ ክዳን የከፈተ ሰው ፊቱን ነው የሚያጣው። አንገቱ ውስጥ ውሃውን እየው። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ ቢወጣና ቢቆም አየር ነው። ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ ግን የቴስታ ጓርኒሲዮን፣ በሞተሩና በላይኛው ክፍሉ (ቴስታው) መሐል ያለው ማሸጊያ፣ አልቋል፤ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ያኔ የዓለምን አሉሚኒየም ሁሉ ብትደረድርበት አታድናትም። ይህን ሳያይ ራዲያተር የቀየረ ስንቱ ነው ሁለት ጊዜ የከፈለው!

ባለመኪናው፦

አይቻለሁ ጋሼ፣ አረፋ የለም። ክዳኑ አዲስ ነው፤ ቴርሞስታቱም ቦታው ተመልሷል። ስንጥቁ ግን አልጠፋም፤ በማጣበቂያ ተለጥፎ እየጠበቀ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ይገጠማል። ፊቷን ከፍ አድርጌ አቆማታለሁ፤ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ቀስ እያልኩ እሞላለሁ። አየሩ እስኪያልቅና ፋኑ ራሱ በርቶ እስኪጠፋ ከአጠገቧ አልነሳም።

መካኒኩ፦

ሂተር መክፈቱን ማወቅህ ጥሩ ነው፤ ብዙዎቹ ይረሱታል። እኔ አሁንም የልኩን ግዛ ነው የምልህ። ካልሰማህ ግጠመው። አሮጌውን አትጣለው፤ ቧንቧው ካልደፈነ ፕላስቲኩ ብቻ ይቀየርለታል። ቀፎውን ቆርጠህ እንዳትመጣብኝ ብቻ፤ በሩ ላይ ነው የምመልስህ።