በጥሪ ብዛት ሰው አይከሰስም

ወንድሜ፣ «ከጅማ ደወልኩለት፣ አምስቴ ሲጠራ ሰማሁ፤ እሱ ግን ሁለቴ ብቻ ነው የጠራው ይላል፣ ዋሸኝ» ብለሃል። ኧረ አልዋሸህም! ጆሮህ ላይ «ቱት፣ ቱት» የሚለው የእሱ ስልክ ድምፅ አይደለም። የሚያሰማህ ኔትወርኩ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በተደዋዩ በኩል ያለው ማዞሪያ፣ ማለትም ጥሪዎችን የሚያገናኘው መሣሪያ። ሁለቱ ድምፆች እኩል መሄድ የለባቸውም።

ማዞሪያዎች እርስ በርስ መልእክት በሚለዋወጡበት፣ ኤስኤስ 7 በሚባለው አሠራር የደወልከው ቁጥር ከድምፅህ በተለየ መንገድ፣ በመልእክት ይሄዳል። የወዲያኛው ማዞሪያ «ቁጥሩ ተሟልቶ ደርሶኛል» ብሎ ይመልሳል። ስልኩ ሲነሳ ሌላ መልእክት ይመጣል፤ ሂሳብም በተለምዶ የሚቆጥረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ማረጋገጥ ከፈለግክ የጥሪ ማሳመሪያ ዘፈን ላስገባ ጓደኛህ አጠገቡ ቆመህ ደውልለት። አንተ ዘፈኑን ትሰማለህ፣ የእሱ ስልክ ግን በራሱ ድምፅ ይጮኻል።