ይድረስ ለፒያሳው ቆርቆሮ

ጉዳዩ፡- ግንባሬን ይመለከታል

ክቡር ቆርቆሮ ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሰላምታ በግንባር እንጂ በእጅ እንደማይቀበሉ ስለማውቅ፣ ይህን የምጽፍልዎ ከማዶ ካለው ሻይ ቤት ተቀምጬ ነው። ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ደሴ ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰውን በደል በሰው ስም ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ በራሴ ስም ስጽፍ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። አጻጻፌ ቢንሻፈፍ አይፍረዱብኝ፤ ጭንቅላቴን የመቱኝ እርስዎ ነዎት።

ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል፤ በቀን ስንቱን ሲያስተናግዱ ይውላሉ። ባለፈው ወር ጦሳን ሸፍኖ የመጣው ዝናብ በረዶ መጣል ሲጀምር፣ አንድ ኪሎ ሽንኩርት በፌስታል አንጠልጥሎ ከስርዎ ሊጠለል የገባው ረጅሙ ሰውዬ ነኝ። እርስዎ ከሱቁ ግድግዳ ተነስተው የእግረኛውን መንገድ አልፈው ቱቦው አፍ ድረስ ተዘርግተዋል። ከፍታዎ ደግሞ ልክ የኔ ቅንድብ ነው። ሽንኩርቴ ወደቀ። ላነሳ ጎንበስ አልኩ። ቀና አልኩ።

ድምፅዎ እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፤ ድሮ ትምህርት ቤት በድንጋይ ይመታ የነበረውን የጎማ ቸርኬ ይመስላል። ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሁሉ በአንድ አፍ «ውይ!» አሉ። ያልተለማመዱት «ውይ» እንዲያ አንድ ላይ አይወጣም። ጥግ ላይ ቡና የሚያፈሉት እናት ከሙቀጫቸው ቆንጥረው የተወቀጠ ቡና ግንባሬ ላይ ለጠፉና «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» ይሉኛል። ደሙ ቡናውን ሰርስሮ በአፍንጫዬ ይወርዳል፤ አቦል ይሁን ቶና አልለየሁትም። ባለሱቁ ዘሎ ወጣ። መጀመሪያ ያየው እርስዎን ነው። ጠርዝዎን ዳበስ ዳበስ አድርጎ «እኔን! ጎበጠ እኮ!» አለ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ወንድሜ፣ ዝቅ ብለህ አታልፍም ነበር?»

አራት ቦታ ተሰፋሁ።

ሐኪሙ እረፍት አድርግ፣ ስልክ አትነካካ አለኝ። ስልክ አትንካ የተባለ ሰው ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። የእህቴ ልጅ ካናዳ፣ ካልጋሪ ነው የሚኖረው፤ ፋሻዬን በቪዲዮ ሲያይ ሳቁን ውጦ፣ «ጋሼ፣ ቆርቆሮው የሆኪ ተጫዋች ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ታግዶ ነበር» አለኝ። ቀጥሎ የላከልኝን ቪዲዮ ሁሉ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ አየሁት። በዚያ ሳምንት የተማርኩት ሕግ በሃያ ዓመት ከተማርኩት ይበልጣል።

አይስ ሆኪ ማለት፣ ክቡር ሆይ፣ በረዶ ላይ የሚጫወቱት ገና ነው። ከየቡድኑ ስድስት ስድስት ሰው ይገባል፣ እግራቸው ስር ስለት አስረዋል፣ በሩር ፈንታ 170 ግራም የሚመዝን ጠፍጣፋ ጎማ ያሯሩጣሉ። ኳሷን የያዘውን ሰው በትከሻ መግጨት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ሰው ትኬት የሚቆርጠው ግማሹ ለሱ ነው። እኛ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለን የአንድ ቀን ፈቃድ ሰጥተን ዱላውን እስከ ዓመት እንሰቅላለን፤ እነሱ ተረቱን ከመስከረም መጨረሻ እስከ ሰኔ ሠሩበት። ጌታው አይቆጣም፣ ጭንቅላት ይናወጣል፣ ጨዋታው ይቀጥላል።

ቁጣ የመጣው በ2010 ነው፤ ዘመኑን በፈረንጅ ቁጠሩልኝ። ማርች 7 ቀን የፒትስበርጉ ማት ኩክ፣ ኳሷን መትቶ የለቀቀውን የቦስተኑን ማርክ ሳቫርድ ከማያይበት አቅጣጫ መጥቶ ጭንቅላቱን ገጨው። ሳቫርድ በቃሬዛ ወጣ። ኩክ ስንት ጨዋታ የታገደ ይመስልዎታል? ዜሮ! ኤንኤችኤል የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ ነገሩን አይቶ፣ በጊዜው በነበረው ደንብ ምቱ እንደማያስቀጣ ነው የተናገረው።

እዚህ ላይ ስልኩን አስቀምጬ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ይህን መልስ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁና። ፋሻዬን እንዳደረግኩ ክሴን ይዤ የሄድኩበት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ባለሙያው ሦስት መዝገብ ገልጦ «የቆርቆሮ ርዝመት የሚመለከት መመሪያ አለን፤ ከፍታ የሚል ግን የለውም» አለኝ። ግንባሬ የተመታው በከፍታ በኩል ስለሆነ ጉዳዬ ተዘጋ።

ፈረንጆቹስ ደንብ የለም ብለው አልተቀመጡም። በዚያው ወር ማገጃ መንገድ አበጁ፣ ለቀጣዩ የውድድር ዓመት ደንብ ቁጥር 48 ብለው ጻፉት። በመጀመሪያ የሚከለክለው ከጎን ወይም ከማይታይ አቅጣጫ የሚመጣውን ብቻ ነበር፤ ዓመት ሳይቆይ አሰፉት። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ምቱ በዋናነት ያረፈው ጭንቅላት ላይ ከሆነ፣ ማስቀረትም ይቻል ከነበረ፣ ጥፋት ነው። ማስቀረት ይቻል እንደነበር ለመለየት ዳኛው ይጠይቃል። መቺው ያለመው መላ አካሉን ነበር ወይ? ተመቺው ጭንቅላቱን እንዳይመታ በማይቻልበት ሁኔታ ራሱን አጋልጦ ነበር ወይ? ልክ ሊመታ ሲል አቋሙን ለውጦ ነበር ወይ?

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ሙያዬ ነውና። ሽንኩርት ላነሳ ጎንበስ ብዬ ቀና ማለቴ አቋም መለወጥ ነው። ጠበቃዎ (ማለትም ባለሱቁ) ይህን ይዞ ይከራከራል። እኔ ደግሞ የመጀመሪያውን ጥያቄ እይዛለሁ፤ እርስዎ መላ አካል ላይ ማለም አይችሉም፤ ለሌላው አካሌ አይደርሱም። የተሠሩት ለግንባር ነው።

ቅጣቱንም ልንገርዎ። ቀላል ከሆነ ሁለት ደቂቃ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ጨዋታውን በመስታወት ማየት ነው፤ ልጅ ሆነን ጥግ ላይ አንበርክከው እንደሚተዉን ያለ። ከባዱን የሚያየው በ2011 የተቋቋመው የተጫዋቾች ደህንነት ክፍል ነው። የመጀመሪያው ኃላፊ ብሬንዳን ሻናሃን ሱፉን ለብሶ ቪዲዮውን እያቆመ፣ «እዚህ ጋ እዩት፣ ክርኑን እዩት» እያለ ለሕዝብ ያስረዳ ነበር። ከ2017 ወዲህ ኃላፊው ጆርጅ ፓሮስ ነው፤ በተጫዋችነቱ በቡጢ የታወቀ፣ በ2013 ደግሞ በድብድብ መሃል በፊቱ በረዶው ላይ ተደፍቶ በቃሬዛ የወጣ። ብዙ ሰው በሹመቱ አጉረመረመ። እኔ ግን ዳኛዬ ራሱ ተመትቶ የሚያውቅ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ የኔ ባለሙያ ቁመቱ አጭር ነው፣ ከእርስዎ ስር ባርኔጣ አድርጎ ያልፋል።

እስከ አምስት ጨዋታ ለሚያሳግድ ጥፋት ችሎቱ በስልክ ነው። ከዚያ በላይ ሊያስቀጣ ከቻለ በአካል ቅረብ ይባላል። እርስዎን በስልክ ማግኘት አይቻልም እንጂ ሲመቱስ ራስዎ ይደውላሉ።

ከተቀጡት ሁሉ የገረመኝ ራፊ ቶሬስ ነው። በ2015፣ ያውም ነጥብ በሌለው የዝግጅት ጨዋታ ላይ፣ ያኮብ ሲልፍቨርበርግ የሚባል ተጫዋች ጭንቅላቱን መትቶ 41 ጨዋታ ታገደ። ያኔ መደበኛው የውድድር ዓመት 82 ጨዋታ ነበር፤ እኩሌታው ሄደ ማለት ነው፣ ከ440,000 ዶላር በላይ ደሞዝም አብሮ። በአንዴ እንዲህ የከበደው ጥፋቱ ስለከበደ ብቻ አይደለም፤ መዝገቡ ስለተደጋገመ ነው። በ2012ም ማሪያን ሆሳ የሚባል ተጫዋች ጭንቅላቱን መትቶ 25 ጨዋታ ተፈርዶበት በይግባኝ 21 ሆኖለት ነበር።

ይግባኝ ካነሳን፣ የቶም ዊልሰንን ጉዳይ ለደንበኞቼ ሁሉ ነው የምነግራቸው። በ2018 ኦስካር ሰንድክቪስትን ጭንቅላቱን መትቶ 20 ጨዋታ ተቀጣ። ይግባኝ አለ። ገለልተኛው ዳኛ አይቶ አይቶ ወደ 14 ዝቅ አደረገለት። ፍርዱ ሲደርሰው ግን ሰውዬው 16 ጨዋታ ተቀምጦ ጨርሷል። ይህን ሳነብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሜን አሜሪካ ዘመድ አገር መሰለኝ።

የእርስዎስ መዝገብ? አንድ ከሰዓት እዚሁ ሻይ ቤት ተቀምጬ ብርጭቆዬ እስኪቀዘቅዝ ቆጠርኩ። ሰባት። አንዱ ባጃጅ ጠርቶ ሲሮጥ፤ አንዷ ጃንጥላዋን ስታጥፍ። የአንድ ቄስ ጥምጥም አጎደሉ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የአንድ ሼኽ ኮፍያ አወለቁ። ሁለቱም «አይዞህ፣ ልጄ» ብለው ያጽናኑት ኮፍያውን ያነሳውን ሊስትሮ ነው። ሃይማኖት አይለዩም፤ በዚህስ የወሎ ልጅ ነዎት።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። በ2000 የኒው ጀርሲው ስኮት ስቲቨንስ ኤሪክ ሊንድሮስን በትከሻው ጭንቅላቱን ብሎት በረዶው ላይ ሲዘርረው ዳኛው ፊሽካ እንኳ አልነፋም፤ ያኔ ሕጋዊ ነበር። የተወቀሰው የወደቀው ነው። «ለምን አንገቱን ደፍቶ ሄደ? ቀና ብሎ አይሄድም?» ለሆኪ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚነገረው ምክር ይሄ ነው፦ ቀና በል። ለኔስ ምን ተባለ? «ለምን አንገትህን አልደፋህም? ዝቅ በል!» ካልጋሪ ቢደፋ ጥፋቱ የሱ፣ ደሴ ቢያቀና ጥፋቱ የሱ። ይህ አንገት በየትኛው ከፍታ ቢያዝ ነው ያለ ክስ የሚያልፈው? ባለሙያው መመሪያው ከፍታ የለውም ያለኝ ለካ ለአንገቴም ነው።

ባለሱቁ በበኩሉ «የሞተር ሄልሜት ግዛ» ብሎ መክሮኛል። ሄልሜትም ታሪክ አለው፤ ሊጉ ግዴታ ያደረገው በ1979 ነው፣ ያውም ለአዲስ ገቢዎች። ነባሮቹ እንደፈቀዱ ተባሉና ክሬግ ማክታቪሽ እስከ 1997 ጸጉሩን እያስበተነ ተጫወተ። ሄልሜት አጥንት እንዳይሰበር ይረዳል፤ ውስጥ ያለውን ግን አያስቆመውም። እንቁላሉን ብረት ጣሳ ውስጥ አስቀምጠው ቢወዘውዙት አስኳሉ ከመናጥ አይድንም። ደግሞስ ሽንኩርት ልገዛ ሄልሜት አድርጌ ስወጣ ባለቤቴ ምን ትበለኝ?

ካሳም ጠይቄ ነበር። በ2018 ሊጉ ጭንቅላታችን ተጎዳ ብለው ከከሰሱት የቀድሞ ተጫዋቾች ጋር በ18.9 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ፤ 318 ሰዎች ነበሩ። ጥፋቱን አላመነም፤ ገንዘቡን ግን ሰጠ። ባለሱቁ ፈለጉን ተከትሎ ጥፋቱን ሳያምን አንድ ፕላስተርና አንድ ሚሪንዳ ሰጥቶኛል። ሚሪንዳዋን ጠጥቼ ስጨርስ ጠርሙሱን ተቀበለኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በደንብ ቁጥር 48 መንፈስ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ለ41 ዝናብ ከሥራ ይታገዱልኝ። ደሴ ላይ ክረምት ሲገባ 41 ዝናብ ብዙ አይደለም፤ ሐምሌ ብቻውን ይጨርሰዋል። በዚያ መሃል ባለሱቁ አንድ ክንድ ከፍ አድርጎ ቢመልስዎ አቤቱታዬን አነሳለሁ።

ትናንት በደጅዎ አለፍኩ። ጫፍዎ ላይ ለማስጠንቀቂያ የታሰረችው ቀይ ፌስታል በፀሐይ ነጥታ ስለነበር በአዲስ ተተክታለች። እኔ ግን ገና ሦስት እርምጃ ሲቀረኝ አንገቴ ራሱ ደፋ አለ። ባለሱቁ እጅ የነሳሁት መስሎት ከባንኮኒው ተነስቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኧረ በእግዜር! ኧረ ይቀመጡ!» አለኝ። እስከዚያ ቀን አንተ ነበር የሚለኝ።

ከሰላምታ ጋር፣ ጎንበስ ብዬ

አመልካች

ግልባጭ፡-
ቡና ግንባሬ ላይ ለለጠፉልኝ እናት፤ የጎደለው ቡና እንዲመዘገብልኝ
ለቀይዋ ፌስታል፤ ለማስጠንቀቂያ